ኦሪጅናሉ ወይስ የተሸጋገረው? የድሮ የቪዲዮ ጨዋታ ለሚገዙ የተዘጋጀ ንጽጽር

አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖር አንድ ወዳጄ ያደገባቸውን ጨዋታዎች ለልጆቹ ሊያሳያቸው ፈልጎ ሁለት አማራጭ ቀረበለት። አንደኛው ከመርካቶ የተገኘ፣ ሁለት ጆይስቲክና አንድ ካርቶን ሙሉ ሲዲ ያለው ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 2 ሲሆን፣ ሁለተኛው እነዚያኑ ጨዋታዎች ቤቱ ላለው ፕሌይስቴሽን 4 በተዘጋጀ አዲስ ቅጂ መግዛት ነበር። የትኛው እንደሚሻል ሲጠይቀኝ ወዲያው መመለስ አልቻልኩም፤ መልሱ ከጨዋታ ጨዋታ የሚለያይ ከመሆኑም በላይ፣ ግማሹን የሚወስነው ሳሎን ውስጥ የተቀመጠው ቴሌቪዥን ነው። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ልነግረው የሚገባኝን ነገር ይዟል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜዎቹን ማጥራት

ሻጭ «ኦሪጅናል ነው» ሲል ብዙ ጊዜ «አሮጌ ነው» ማለቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ኦሪጅናል የምለው ጨዋታው መጀመሪያ በተሠራለት መሣሪያ ላይ፣ መጀመሪያ በወጣበት ካሴት ወይም ሲዲ ሲጫወቱት ነው። ፖርት ያንኑ ጨዋታ ሌላ መሣሪያ እንዲቀበለው አድርጎ ማሸጋገር ነው። ሪማስተር ሥዕሉንና ድምፁን አጥርቶ የጨዋታውን አጥንት እንዳለ ይተወዋል፤ ሪሜክ ግን አጥንቱንም ጭምር ከባዶ ይሠራል። ኢሙሌሽን የሚባለው ደግሞ አዲሱ መሣሪያ አሮጌውን አስመስሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት የወጡት ሚኒ ኮንሶሎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የሆነ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ማሪዮና ኮንትራ የተጫወትንበት፣ በአንድ ካሴት ብዙ ጨዋታ የሚያቀርበው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ የወጣው የኒንቴንዶ ፋሚኮም ኮፒ እንጂ ራሱ ኒንቴንዶ አልነበረም። ስለዚህ ትዝታውን የሚፈልግ ሰው በእውነት የሚፈልገው ኮፒውን ሊሆን ይችላል፤ ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም፤ እውነተኛውን ኒንቴንዶ ከውጭ በውድ አስመጥቶ «የእኛው እንዲህ አልነበረም» ብሎ ያዘነ ሰው አውቃለሁ።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን የምመዝነው በአምስት ነገር ነው፦ ጨዋታው በትክክለኛ ፍጥነቱ መሄዱና ለእጅ በጊዜው ምላሽ መስጠቱ፣ ይዘቱ ሳይጎድል መገኘቱ፣ ካለዎት ቴሌቪዥን ጋር መስማማቱ፣ የመብራትና የጥገና ጣጣው፣ በመጨረሻም ክፍያውና ከከፈሉ በኋላ ጨዋታው የእርስዎ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ። የሥዕል ጥራትን ለብቻው መመዘኛ አላደረግሁትም፤ ገዢን ቶሎ የሚያታልለው እሱ ነውና።

ፍጥነትና የእጅ ምላሽ

የአሜሪካና የጃፓን ቴሌቪዥን በሴኮንድ 60 ጊዜ ሥዕል ሲያድስ፣ የአውሮፓው እና እኛ የወሰድነው ፓል የሚባለው ሥርዓት 50 ጊዜ ያድሳል። የድሮ ጨዋታዎች ሰዓታቸውን የሚቆጥሩት በዚሁ ሥዕል ስለነበር፣ ለ60 የተሠራ ጨዋታ ያለ ማስተካከያ ወደ 50 ሲዛወር ፍጥነቱ ከመቶ 17 ገደማ ይቀንሳል። አንድ ደቂቃ የሚፈጀው ሩጫ 72 ሴኮንድ ይሆናል፤ ሙዚቃው ይጎተታል፤ ብዙ ጊዜም ከላይና ከታች ጥቁር መስመር ይገባል። አንዳንድ አዘጋጆች ለአውሮፓ ሲያወጡ አስተካክለውታል፣ ብዙዎቹ ግን አላስተካከሉትም።

ይህ ያለፈ ታሪክ እንዳይመስልዎት። ሶኒ በ2018 ፕሌይስቴሽን ክላሲክ የተባለውን ሚኒ ኮንሶል 20 ጨዋታ ጭኖ ሲያወጣ፣ ዘጠኙ የ50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚያድሱ) የአውሮፓ ቅጂዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ ቴክን 3 ነው። ጡጫ ከጡጫ በቅጽበት በሚለይበት ጨዋታ ላይ እንዲህ ያለ መጎተት ምን ማለት እንደሆነ፣ በጌም ቤት ወረፋ ጠብቆ የተጫወተ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። እንግዲህ አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ ካርቶን፣ ታዋቂ ስም ሁሉ ትክክለኛ ፍጥነትን አያረጋግጡም፤ ቅጂው የየትኛው አህጉር እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሪሜክ ሲሆን ነገሩ ይረቅቃል። በ1996 የጀመረው ክራሽ ባንዲኩት ከነሁለቱ ተከታዮቹ በ2017 እንደገና ተሠርቶ ሲወጣ፣ ደረጃዎቹ በቦታቸው ቢገኙም የዝላዩ አወራረድና የእግሩ አቋቋም ከቀድሞው ተለይቶ ስለነበር፣ በድሮው ጨዋታ ጠርዝ ላይ ይቆም የነበረው ክራሽ በአዲሱ ተንሸራትቶ ይወድቃል። በድሮው ያልተጫወተ ልጅ ይህን አያስተውለውም። አባቱ ግን «እጄ ረሳው እንዴ?» ብሎ ራሱን ይጠራጠራል።

እዚህ ላይ ለሚወደኝ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ጊዜ የመሣሪያው ድካም ራሱ የጨዋታው ውበት ነው። በ1978 የወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ ላይ ጠላቶቹ እያለቁ ሲሄዱ የቀሩት የሚፈጥኑት ማሽኑ የሚሥላቸው ስለሚቀንሱ ነበር፤ አዘጋጁ ይህን አይቶ እንዳለ ተወው፣ የጨዋታውም ጭንቀት ከዚያ መጣ። ያንን ጨዋታ በፈጣን መሣሪያ የሚያሸጋግር ሰው ድካሙንም አውቆ ማሸጋገር አለበት።

ይዘት፦ ምን ተጨመረ፣ ምን ጠፋ?

በዚህ መመዘኛ ኦሪጅናል ሁልጊዜ ያሸንፋል የሚለው እምነት ትክክል አይደለም። የምናውቀው ኮንትራ እንኳ ኦሪጅናል አይደለም፤ በ1987 በሳንቲም ለሚሠራ የአዳራሽ ማሽን ወጥቶ፣ በተከታዩ ዓመት ወደ ኒንቴንዶ የተሸጋገረ ፖርት ነው፤ ብዙ ተጫዋቾችም ፖርቱን ከምንጩ ያስበልጣሉ። ቴክን 3 እንዲሁ ከአዳራሽ ማሽን ወደ ፕሌይስቴሽን ሲመጣ የኋላ ገጽታው ቀለል ቢልም፣ በአዳራሹ ያልነበሩ ተጨማሪ የጨዋታ ዓይነቶችና ተፋላሚዎች ተጨምረውለታል። በሌላ በኩል በ1982 ፓክማን ወደ አታሪ 2600 ሲሸጋገር፣ መሣሪያው የነበረው የሥራ ማስታወሻ 128 ባይት ብቻ ስለነበር መናፍስቱ እየተርገበገቡ የሚታዩበት፣ መንገዶቹም የተለወጡበት ነገር ወጣ።

አንዳንድ ለውጥ ደግሞ ከመሣሪያ አቅም ጋር አይገናኝም። ሞርታል ኮምባት በ1993 ቤት ሲገባ፣ የሱፐር ኒንቴንዶው ቅጂ ደሙን ወደ ግራጫ ላብ ቀየረው፤ በሴጋው ላይ ግን ምስጢራዊ የቁልፍ ቅደም ተከተል ሲጫኑ ደሙ ይመለስ ነበር። የአውሮፓው ኮንትራ ሰዎቹን በሮቦት ተክቶ ስሙን ሳይቀር ለውጦ ወጥቷል። ስለዚህ «አንድ ዓይነት ጨዋታ ነው» የሚለውን የሻጭ ቃል ሳያዩ አይቀበሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው የ2004ቱ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ይመስለኛልና በእሱ ላይ ልቆይ። ኦሪጅናሉ በፕሌይስቴሽን 2 ላይ ነው፤ ሥዕሉ ደብዛዛ ነው፤ አየሩ በብርቱካናማ ጭጋግ የተሸፈነ ነው። በ2021 መጨረሻ ከሁለት ሌሎች ጋር በአንድነት «ዴፊኒቲቭ» ተብሎ ሲወጣ ጭጋጉ ተነሥቶ፣ በአውሮፕላን ከፍ ሲሉ ያ ሰፊ የመሰለን አገር ከዳር እስከ ዳር የሚታይ ትንሽ ደሴት ሆኖ ተገኘ። ዝናቡ ዓይን የሚጋርድ ነጭ ክር ነበር፤ የሰዎቹ ፊት ተበላሽቶ ነበር፤ አሳታሚው ይቅርታ ጠየቀ። በኋላ በተለቀቁ ማሻሻያዎች ብዙው ተስተካክሏል፤ በ2024 ማብቂያም የድሮውን ብርሃን የሚመልስ አማራጭ ተጨመረለት። የማይመለሱት አንዳንድ የሬዲዮ ዘፈኖች ናቸው፤ የዘፈን ፈቃድ በጊዜ ስለሚገደብ፣ ጊዜው ሲያልፍ ከአዲሶቹ ቅጂዎች ይወጣሉ። መኪና እየነዱ ሬዲዮ መስማት ግማሽ ደስታው ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ዘፈኖቹ በሙሉ ያሉት አሮጌው ሲዲ ላይ ነው።

የጭጋግ ነገር ከተነሣ ሳይለንት ሂል 2ን መዝለል አይቻልም። በ2001 ጭጋጉ የመሣሪያውን አቅም ማነስ ይሸፍን ነበር፤ ፍርሃቱንም የፈጠረው እሱው ነበር። በ2012 የወጣው የኤችዲ ስብስብ የመጨረሻው የፕሮግራም ጽሑፍ ተጠብቆ ስላልቆየ ካላለቀ ረቂቅ ላይ የተሠራ ነበርና፣ ጭጋጉ ሳስቶ ያልተሠሩት ጠርዞች ወጥተው ታዩ።

በተቃራኒው ሻዶ ኦቭ ዘ ኮሎሰስን ኦሪጅናሉን ግዙ ብዬ ማንንም አልመክርም። የ2005ቱ ጨዋታ ለፕሌይስቴሽን 2 ከብዶት በየጦርነቱ ይንቀራፈፍ ነበር፤ የ2011ዱ የፕሌይስቴሽን 3 ቅጂ መንፈሱን ሳይነካ ይህን አስተካከለው። ሬዚደንት ኢቭል 4 ደግሞ መካከል ላይ ነው፦ በ2005 መጀመሪያ ጌምኪዩብ ለተባለው የኒንቴንዶ መሣሪያ ወጥቶ በዚያው ዓመት ወደ ፕሌይስቴሽን 2 ሲሸጋገር ሥዕሉ ቢቀንስም ሌላ የጎን ታሪክ ተጨመረለት፤ በ2007 ለኮምፒውተር የወጣው ግን በማውስ ማነጣጠር እንኳ አያስችልም ነበር። ክሮኖ ትሪገርም እንዲሁ በ1999 ወደ ፕሌይስቴሽን ሲሸጋገር ፊልም የመሰሉ ትዕይንቶች ተጨምረውለት፣ ወደ ጦርነት በገቡ ቁጥር ግን ሲዲው እስኪያነብ ያስጠብቅ ነበር፤ የ2008ቱ የኒንቴንዶ ዲኤስ ቅጂ ያለ ጥበቃው ይሠራል።

ቴሌቪዥኑ

ጀርባው ትልቅ የሆነው የድሮ ቴሌቪዥን ካለዎት አይጣሉት። የድሮ ጨዋታዎች ሥዕል የተሣለው የዚያን መስታወት ብዥታ ታሳቢ በማድረግ ነው፤ በ1991ዱ ሶኒክ ላይ ፏፏቴው ቀጫጭን መስመር ሆኖ የተሣለው በድሮው ቴሌቪዥን ላይ ተቀላቅሎ ውኃ እንዲመስል ነው። በጠፍጣፋ ስክሪን ላይ መስመሩ መስመር ሆኖ ይቀራል። በጠመንጃ የሚታደነው ዳክ ሃንት ደግሞ ለውበት ብቻ ሳይሆን ጭራሹኑ በጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ላይ አይሠራም፤ ጠመንጃው የሚጠብቀው ብርሃን በጊዜው አይደርስለትም።

ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ብቻ ላለው ሰው ሁለት ችግር አለ። አንደኛው ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጃክ የሚሰካበት ቀዳዳ በአዳዲሶቹ ላይ እየጠፋ መምጣቱ ነው፤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይሩት ርካሽ ሳጥኖች ሥዕሉን ያሳዩዎታል፣ ነገር ግን ብዙዎቹ ያደበዝዙታል፣ ያዘገዩታልም። ሁለተኛው ቴሌቪዥኑ ራሱ ሥዕሉን ለማሳመር ሲደክም ከጆይስቲክዎ ኋላ መቅረቱ ነው። ከቅንብሩ ውስጥ «ጌም ሞድ» የሚለውን ማብራት ገንዘብ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው፤ ኦሪጅናልም ሆነ ፖርት የሚጫወት ሰው መጀመሪያ ይህን ያድርግ። የአሜሪካ ወይም የጃፓን መሣሪያ በድሮ የፓል ቴሌቪዥን ላይ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከታየ ደግሞ መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው ወደ ጠጋኝ አይሩጡ፤ ቴሌቪዥኑ ቀለሙን መተርጎም ስላልቻለ ነው።

መብራትና ጥገና

ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ በሻንጣ ያመጣልኝን ኒንቴንዶ በደስታ ሶኬት ላይ የሰካሁ ዕለት የተቃጠለው አዳፕተር ሽታ አሁንም ትዝ ይለኛል። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ አዳፕተሩ ላይ 120 ቮልት ተብሎ በግልጽ ተጽፏል፣ የእኛ መብራት ደግሞ 220 ነው። በመሣሪያው ወይም በአዳፕተሩ ጀርባ «100–240» የሚል ካለ ችግር የለም፤ «100» ወይም «120» ብቻ ከሆነ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር መግዛት ግድ ነው፣ ዋጋውንም ከመሣሪያው ዋጋ ጋር አብረው ይደምሩት።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ልዩነቱ ይታያል። በድሮ ካሴት ላይ ብዙ ጨዋታ ማስቀመጫ የለውም፤ መብራት ከሄደ ከመጀመሪያው ነው። ፕሌይስቴሽን 2 በ8 ሜጋባይት ሜሞሪ ካርድ ያስቀምጣል፣ ነገር ግን በማስቀመጥ ላይ ሳለ መብራት ቢቋረጥ ካርዱ ላይ ያለው ሊበላሽ ይችላል። በኢሙሌሽን የሚሠሩት በፈለጉበት ቅጽበት ለማስቀመጥ ያስችላሉ። ሚኒ ኮንሶሎች በስልክ ቻርጀር ዓይነት ኃይል ስለሚሠሩ ከፓወር ባንክ ጋር ቢያገናኟቸው ቴሌቪዥኑ ቢጠፋም ጨዋታው ባለበት ይቆያል።

ጥገናን በተመለከተ ከተማችን ለፕሌይስቴሽን 2 ምቹ ናት። መሣሪያው በዓለም ከ150 ሚሊዮን በላይ ስለተሸጠ መለዋወጫው አልጠፋም፤ «ሌንሱ ደክሟል» ሲባል ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ጠጋኝ ፒያሳም መርካቶም አይጠፋም፤ ምናለሽ ተራ ውስጥ ደግሞ ከሞተ መሣሪያ የተነቀለ አካል ታግሶ ለሚፈልግ ይገኛል። ለሴጋ፣ ለጌምኪዩብ ወይም ለድሮው ኒንቴንዶ ይህ ምቾት የለም። በካሴታቸው ውስጥ ባትሪ ያላቸው፣ እንደ ድሮው ፖኬሞን ያሉት፣ ባትሪው ሲያልቅ ያስቀመጡትን ሁሉ ያጣሉ፤ መቀየሩም ብየዳ ይጠይቃል።

ክፍያና ባለቤትነት

ከኢንተርኔት የሚወርዱ ፖርቶች በሌላ አገር ርካሽ ናቸው፤ እዚህ ግን የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድና የዳታ ፓኬጅ ይጠይቃሉ። ባለቤትነቱም የተወሰነ ነው፤ ኒንቴንዶ ዊ ዩ እና 3ዲኤስ የተባሉትን መሣሪያዎቹን የኢንተርኔት መደብሮች በመጋቢት 2023 ሲዘጋ፣ ከዚያ ወዲህ አዲስ መግዛት አልተቻለም። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነ የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶዎቹ ከገበያ የጠፉ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ማለት ለብዙ ጨዋታዎች የፖርት አማራጭ ከነጭራሹ የለም ማለት ነው። ዊኒንግ የምንለው የእግር ኳስ ጨዋታ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የተጫዋቾችና የክለቦች ስም በፈቃድ ስለሚገዛ የድሮ የስፖርት ጨዋታ ዳግም አይታተምም ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ የተጫወቱትን ከፈለጉ አሮጌውን መሣሪያ ይፈልጉ።

ስለ ሲዲውም ግልጽ እንሁን፤ በከተማችን በካርቶን የሚሸጠው አብዛኛው የተቀዳ ነው፣ የሚያነበውም ቺፕ የተገጠመለት መሣሪያ ነው። ይህ የአዘጋጆቹን የቅጅ መብት የሚነካ ከመሆኑ ሌላ፣ «ኦሪጅናል» ተብሎ ዋጋ ሊጨመርበት አይገባም።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | ፍጥነትና ምላሽ | ይዘት | ቴሌቪዥን | መብራትና ጥገና | ክፍያና ባለቤትነት |
|---|---|---|---|---|---|
| ኦሪጅናል መሣሪያ | በ60 ከሆነ ከሁሉ የተሻለ | ሙሉ፣ ከነጉድለቱ | የድሮው ይመረጣል | ቮልት ይታይ፤ ፕሌይስቴሽን 2 ይጠገናል | በብር፣ በእጅ፤ የራስ ነው |
| ፖርት ወይም ሪማስተር በሲዲ | እንደ አሸጋጋሪው ይለያያል | ሊጨመርም ሊቀነስም ይችላል | ጠፍጣፋ ይበቃል | ቀላል | በብር ይገኛል፤ መልሶ ይሸጣል |
| በኢንተርኔት የሚወርድ | እንደ አሸጋጋሪው ይለያያል | በማሻሻያ ሊለወጥ ይችላል | ጠፍጣፋ ይበቃል | ቀላል | የውጭ ካርድና ዳታ፤ አይሸጥም |
| ሚኒ ኮንሶል | 50 ወይስ 60 መሆኑ ይጠየቅ | የተጫነው ብቻ | ጠፍጣፋ ይበቃል | በፓወር ባንክ ይሠራል | አንድ ጊዜ ይከፈላል |
| ሪሜክ | ሌላ ጨዋታ ነው ማለት ይቻላል | አዲስ | ጠፍጣፋ ያምርበታል | ቀላል | ከሁሉ ውድ |

ለማን የትኛው?

ኪስ ለጠበበው፣ ከወንድሙ ጋር ኳስና ቴክን መጫወት ለሚፈልግ ሰው ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 2 እና ማንም የማይፈልገው የድሮ ቴሌቪዥን አሁንም የማይረታ ጥምረት ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ቤቱ ያለው ሰው ሌላ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት የሚፈልጋቸውን ሦስት ጨዋታዎች በስም ይጻፍ፤ ሁለቱ በመልካም ሁኔታ የተሸጋገሩ ከሆኑ በሲዲ ይግዛቸው። እዚህ ላይ የፕሌይስቴሽን 2 ሲዲ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ እንደማይሠራ መዘንጋት የለበትም፤ ይህን ሳያውቁ ካርቶን ሙሉ ሲዲ ይዘው የሚቀሩ አሉ። ጆይስቲክ ይዘው ለማያውቁ ልጆች ሪሜክ ጥሩ መግቢያ ነው፤ የሚያነጻጽሩበት ትዝታ ስለሌላቸው የሚጎድልባቸው የለም። ሰብሳቢ ለሆነ ሰው ምክር የለኝም፤ እሱ ከእኔ ይልቅ ያውቃል፣ የሚገዛውም ለመጫወት ላይሆን ይችላል።

ለወዳጄ በመጨረሻ የነገርኩት ሁለቱንም ነው፦ ለሳን አንድሪያስና ለኳሱ አሮጌውን፣ ለኮሎሰስ አዲሱን። ያገለገለውን መሣሪያ ሊገዛ ሲሄድ ግን ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት አንድ ሲዲ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ እንዲያጫውት፣ ሁለቱንም ጆይስቲክ ቁልፍ በቁልፍ እንዲሞክር፣ ከዚያም ሜሞሪ ካርዱ ላይ አስቀምጦ መሣሪያውን ከሶኬት ነቅሎ እንደገና እንዲከፍተውና ያስቀመጠው መኖሩን እንዲያይ አሳሰብኩት። ሻጩ «ካርዱ ደህና ነው፣ አያስፈልግም» ካለው ሌላ ሱቅ ይሂድ።